አማልክትን ከመሐላ ጀምሩ፦ ለራሳችሁ የጨዋታ ዓለም አማልክትንና ከፊል አማልክትን መፍጠሪያ ዝርዝር መመሪያ

አብዛኛው ጌም ማስተር (የሮልፕሌይ ጨዋታ መሪ) አማልክት ሲፈጥር ከሰማይ ይጀምራል። መጀመሪያ ጨለማ ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉ፤ ከአንዱ ደም ምድር ወጣች እያለ ገጽ በገጽ ይጽፋል። ተጫዋቾቹ ያንን አያነቡትም። ጨዋታው ሲጀመር ክለሪክ (ኃይሉን ከአምላኩ የሚያገኝ ካህን) የያዘው ልጅ ቀና ብሎ «የኔ አምላክ ማን ነበር?» ይላል። አምላኩ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ከታች ነው የሚጀምረው። የዓለማችሁ ሰው በማን ይምላል? ልጁ ሲታመም ለማን ይሳላል? ምን አይበላም? በየትኛው ቀን ሥራ አይሠራም? ለእነዚህ መልስ ካላችሁ አምላኩ አለ። የአፈጣጠር ታሪኩ በኋላ ይደርሳል። ባይደርስም ጨዋታው አይቆምም።

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን መሥራት ትልቅ ዕድል ነው። እዚህ ሰው ቀጠሮ የሚይዘው «ከጥምቀት በፊት»፣ «ለቁስቋም» እያለ ነው። ስለት፣ ዝክር፣ ማኅበር፣ ምርቃት፣ እርግማን ምን እንደሆኑ ለተጫዋች ማስረዳት አያስፈልግም። ሁሉም እናቱ ቤት አይቶታል። ሌላ አገር ያለ ጌም ማስተር ከመጻሕፍት ፈልጎ የሚያገኘውን ነገር የኛ ተጫዋች ይዞት ይመጣል።

ለአዲስ ገቢዎች ጥቂት መስመር። ሮልፕሌይ ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አብረው ታሪክ የሚጫወቱበት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይይዛል። ጌም ማስተሩ ዓለሙንና የቀረውን ሰው ሁሉ ይይዛል። አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ፈር ቀዳጁ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። እዚህ የማነሳቸው ሕጎች ከ5ኛው እትም ናቸው። መሠረታዊ ሕጎቹ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ስለሚገኙ መጽሐፍ መግዛት ያልቻለ ቡድንም መጫወት ይችላል። ሌላ ሲስተም ብትጠቀሙም ከቁጥሮቹ በቀር ሁሉም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ ከጠረጴዛው ሰዎች ጋር ተስማሙ

እዚህ ከተማ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አማኝ ነው። አንዱ ቆራቢ ይሆናል፤ ሌላዋ ሰላቷን ሰግዳ የመጣች ትሆናለች። «አማልክት» የሚለው ቃል ብቻውን የሚከብደው ሰው ይኖራል። ይህን ማክበር የጌም ማስተሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

አንድ ሕግ አውጡ፦ ቅርጹን እንወስዳለን፣ ስሙን አንወስድም። የበዓል፣ የስለት፣ የጾም፣ የመሐላ ቅርጽ ወደ ጨዋታው ይገባል። የፈጣሪ ስም፣ የቅዱሳንና የነቢያት ስም፣ የታቦት ስም አይገባም። ዛርንና ውቃቢንም ከዚሁ ጋር አውጡ። ለብዙ ቤተሰብ ተረት አይደሉም። ቤት ውስጥ ያለ፣ አንዳንዴም ያቆሰለ ነገር ነው።

ጥያቄውን በጋራ አትጠይቁ። በቡድን ፊት ሰው በይሉኝታ «ችግር የለውም» ይላል። ለየብቻ በቴሌግራም ጻፉላቸው፦ «ጨዋታው ውስጥ የተፈጠሩ አማልክት አሉ። የማይመችህ ነገር አለ? የማታነሳው ነገር አለ?» አምልኮ መጫወት የማይፈልግ ተጫዋች ካለ «አማልክት» ማለቱን ትታችሁ «ኃያላን» በሏቸው። ስግደቱን አንሱና ቃል ኪዳኑን ብቻ አስቀሩ። ሕጎቹ አይለወጡም፤ ሰውየውም ሳይጨነቅ ይጫወታል።

መሬቱን ተመልከቱ

ካርታ ከመሳላችሁ በፊት ከፍታ ሳሉ። የኛ አካባቢ ለዚህ ትምህርት ቤት ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ወደ መተማ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በታች ትገባላችሁ። በዚህ ርቀት ውስጥ የሰው ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ደጋ ላይ ገብሱን በረዶ እንዳይመታበት የሚፈራ አለ። ሐይቁ ዳር ያለው ማዕበል ይፈራል። ቆላው ወባና ሐሩር ይፈራል።

ለእያንዳንዱ የዓለማችሁ ክፍል ሁለት ጥያቄ መልሱ። ምን ያበላቸዋል? ምን ይገድላቸዋል? ከዚያ መልሶቹ የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ። ገብሱን የሚያበቅለው ዝናብ በረዶ ይዞ ይመጣል። ዓሣ የሚሰጠው ሐይቅ ሰው ይወስዳል። ጨው የሚያመጣው መንገድ ልጅ ያስቀራል። ጠንካራ አምላክ የሚቆመው እዚያ ነው፤ የሚያበላውና የሚገድለው አንድ ሲሆን። ሰው ይወደዋልም ይፈራዋልም። ስለዚህ ይለምነዋል፣ ይደራደረዋል፣ ይቆጣዋል።

«የጦርነት አምላክ»፣ «የፍቅር አምላክ» ከሚል ዝርዝር አትነሡ። ያ ዝርዝር የየትኛውም ዓለም ሊሆን ይችላል። ከመሬት የተነሣ አምላክ ግን የእናንተ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ አራት ይበቃሉ

ሃያ አማልክት ያለው ዓለም በጽሑፍ ያምራል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም አያስታውሳቸውም። በአራት ጀምሩ። እኔ በዚህ መመሪያ የምሠራባቸው እነዚህ ናቸው፦ የደጋው በረዶ ጌታ አያስጠልል፣ የሐይቁ እመቤት እሜቴ ሐመራት፣ የሲራራ ነጋዴዎች አምላክ ነጋድራስ ደረሰ፣ የብረትና የምድጃ አምላክ ወናፉ።

ወናፉን የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው። በታሪካችን አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ተንቋል፣ ቡዳ ተብሏል። ያው ገበሬ ግን በእነሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነሱ ምጣድ ይጋግራል። ያ በደል በጨዋታው ዓለም ውስጥ አምላክ ቢኖረው ምን ይላል? ወናፉ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በብረቱ ያረሰ ሰው ከአንጥረኛ ጋር በአንድ መሶብ ይብላ። ስንቱ ባላባት በዚህ ምክንያት መቅደሱን አልፎ እንደሚሄድ አስቡት።

ካርዱን ሙሉ

ለእያንዳንዱ አምላክ አንድ ካርድ ያዙ። ስድስት ጥያቄ ብቻ፦ ሰው እንዴት ይምልበታል? ምን ይሰጣል? ምን ይከለክላል? ራሱ ምን ይፈልጋል? ከማን ጋር ተጣልቷል? መልሱ እንዴት ይመጣል? ከአንድ ካርድ በላይ አትጻፉ። ካርዱ ካልበቃ አምላኩ ገና አልጠራም።

አያስጠልልን አብረን እንሙላው።

የደጋ ሰው ሲምል «አያስጠልል ያራቁተኝ» ይላል። ዋሽቼ ከሆነ ሜዳ ላይ ልቅር ማለቱ ነው። አምላኩ የሚሰጠው ዝናብና ጉም ነው። ዝናቡ ገብሱን ያደርሳል፤ ጉሙ ከጠላት ይሸፍናል። የሚከለክለው ሲዘንብ በር መዝጋትን ነው። እሱ መጠለያ ስለማይሰጥ ሰው ለሰው መጠለያ መሆን አለበት። ደም የተቃባ ሰው እንኳ በበረዶ ቀን በሩን ቢያንኳኳ ይገባል፤ ደመናው እስኪገለጥ ማንም አይነካውም።

አሁን ሞተሩ ጋ ደረስን፦ ራሱ ምን ይፈልጋል? አያስጠልል ቤት ገብቶ አያውቅም። መቅደሶቹ ጣሪያ የላቸውም። የሚመኘው አንድ ሌሊት እሳት ዳር መቀመጥ ነው። ግን በገባበት ቤት ሁሉ በረዶው አብሮት ይገባል። ከወናፉ ጋር የተጣላውም በዚህ ነው። ወናፉ ምድጃውን ከልክሎታል፣ እሳቱ እንዳይጠፋበት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጥሩ ጠብ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ተጫዋቾቹ አንዱን ሲደግፉ ሌላውን እንደበደሉ ይገባቸዋል።

መልሱስ? ለጸለየው ሰው መዳፉ ላይ አንዲት የበረዶ ፍሬ ትወርዳለች። እሺ ካለ ፀሐይ እስክትጠልቅ አትቀልጥም። እምቢ ካለ ወዲያው ውኃ ትሆናለች። ይህ ምልክት ቀላል ነው፣ ለጌም ማስተር አይከብድም፣ ተጫዋቹም መዳፉን እያየ ይጠብቃል።

የሌሎቹን አጠር አድርጌ ላስቀምጥ። በሐመራት የሚምል «ትዋጠኝ» ይላል፤ ሲነሡ ታንኳ መቁጠር ትከለክላለች፣ የተቆጠረውን ትወስዳለችና። በደረሰ የሚምል «አይመልሰኝ» ይላል፤ መንገድ ላይ የተገኘን ሰው ስንቅ መንፈግ ክልክል ነው። ወናፉ መሐላ አይቀበልም። በእሱ መማል የፈለገ ትኩስ ብረት ይዞ ይናገር።

ስም ስታወጡ

አፍ የማይቀበለው ስም አታውጡ። ተጫዋች ተናዶ ሊጮህበት፣ ደንግጦ ሊጠራው የሚችል መሆን አለበት። የኛ ስሞች ብዙውን ጊዜ ግሥ ናቸው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ይሆናሉ። ያንን ተጠቀሙበት። «አያስጠልል» ያለ ማብራሪያ ይገባል።

የፈረስ ስምም ጨምሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት አያስጠልልን ወታደሩ «አባ ነጎድ» ይለዋል። ገበሬው ስሙን መጥራት ስለሚፈራ «ያ የላይኛው» ይላል። ሦስት ስም ያለው አምላክ ወዲያው ያረጀ ይመስላል። ተናጋሪው በየትኛው ስም እንደጠራው ሰምቶም ተጫዋች የሰውየውን ማንነት ይገምታል።

አማርኛ የሚሰጠን ሌላ ነገር አለ፤ አንተና አንቱ። አምላኩን ማን አንተ ይለዋል፣ ማን አንቱ ይለዋል? ሐመራትን ዓሣ አጥማጆች «አንቺ» ይሏታል፤ የከተማ ሴቶች «እሜቴ፣ እርስዎ» ይላሉ። ይህን ወስናችሁ ያዙና ስትጫወቱ አትሳቱት።

ግዛቱን እንደ ርስት አስቡት

በ5ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ፣ ክለሪክ የሚመርጣቸው 7 የአምላክ ዘርፎች አሉ፦ እውቀት፣ ሕይወት፣ ብርሃን፣ ተፈጥሮ፣ ማዕበል፣ ማታለልና ጦርነት። በነጻ የሚገኘው ሰነድ ውስጥ ያለው የሕይወት ዘርፍ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ለአንድ አምላክ አንድ ዘርፍ ያድልና ይጨርሳል። እኔ ዘርፉን ርስት አድርጌ አስባለሁ። ርስት ካለ ድንበር አለ። ድንበር ካለ ሙግት አለ።

የማዕበልን ዘርፍ ለአያስጠልልም ለሐመራትም ስጡ። ሐይቅ ላይ የወረደ በረዶ የማን ነው? ሸቀጥ ጭኖ ሲሻገር የሰመጠ ነጋዴ ነፍሱ የደረሰ ናት የሐመራት? ከደጋ የወረደ የብረት ማዕድን የተራራው ነው የምድጃው? እነዚህን ጥያቄዎች አትመልሷቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ምሽት ያጫውታሉ።

እንዴት ይጫወታሉ ካላችሁ፣ በላ ልበልሃ አለልን። አማልክት ፊት ለፊት አይዋጉም፤ ሲዋጉ አገር ይጠፋል። ስለዚህ በሰው አፍ ይሟገታሉ። ተጫዋቾቹ የአንዱ ተሟጋች ይሁኑ። ዳኛው አንድ ሽማግሌ ነው፣ ከዋርካ ሥር። በመጀመሪያ ውርርድ ይያዛል፤ ካራክተሩ የሚወደውን ነገር ያስይዛል። ከዚያ ሦስት ዙር። በየዙሩ ተጫዋቹ በራሱ አፍ ክርክሩን ያቀርባል፣ ከዚያ ባለ 20ውን ዳይስ ጥሎ የማሳመን ችሎታውን ይደምራል። ቤት የሚመታ ስንኝ ካመጣ ሁለት ጊዜ ይጥልና ትልቁን ይወስዳል። ሁለት ዙር ያሸነፈ ረታ። ይህን አንዴ የተጫወተ ቡድን ደግሞ ይጠይቃል።

አንድ አምላክ፣ ሁለት ትምህርት

አማኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚያስቡበት ሃይማኖት የትም የለም። በጎንደር ዘመን የተዋሕዶና የቅባት ክርክር ጉባኤ አስጠርቷል፤ ነገሥታትንና ገዳማትን ጎራ አስለይቷል። ያንን ክርክር ራሱን ወደ ጨዋታ አታምጡት፤ ከባድ ነገር ነው። ቅርጹን ግን ተማሩበት።

የአያስጠልል ካህናት ሁለት ወገን ይሁኑ። አንዱ ወገን መቅደሱን ጣሪያ ማልበስ ስድብ ነው ይላል። ሌላው፣ ጌታችን ራሱ መጠለያ ለምኗል፣ ጣሪያውን የምንሠራለት እኛ ነን ይላል። ሁለቱም ተአምር አላቸው፣ ሁለቱም ሰማዕት አላቸው። እናንተም የትኛው ልክ እንደሆነ አትወስኑ። ተጫዋቾቹ አንድ ቀን ጣሪያ ይሠሩ ይሆናል። መልሱ ያኔ ይፈለጋል።

ቀን ስጧቸው

የኛ ቀን መቁጠሪያ ለጨዋታ የተመቸ ነው። 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ ከዚያ ጳጉሜን። በየወሩ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም እንደምንለው፣ ለየአምላካችሁ ወርኃዊ ቀን ስጡ። አንድ ዓመታዊ በዓልም ጨምሩ። በጨዋታው መጀመሪያ ሁሌ ቀኑን ንገሩ፦ «ዛሬ ወሩ በባተ 9ኛው ነው፣ የሐመራት ቀን ነው።» ተጫዋቾቹ ያለ ስብከት ይለምዱታል።

ጳጉሜንን ማንም አምላክ አይግዛት። 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6። በነዚያ ቀናት መሐላ አይያዝም፣ ጸሎት አይሰማም፣ ሰው ውል አይዋዋልም። ክለሪኩ የተጠቀመበት ኃይል በእንቅልፍ አይመለስለትም። ይህ ከባድ ሕግ ስለሆነ ካምፔይኑ (ከምሽት ምሽት የሚቀጥለው ረጅሙ ጨዋታ) ሲጀመር አስቀድማችሁ ንገሩ። ቀኑ ሲቃረብ ጠረጴዛው ላይ የሚፈጠረው ጭንቀት ይክሳችኋል።

ዓመታዊው በዓል የሚንቀሳቀስ ይሁን። ጥር 10 ከየአድባራቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚደረገውን ጉዞ ያየ ሰው በዓል ከተማን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። መንገድ ይዘጋል፣ ቤት ባዶ ይሆናል፣ የተራራቀ ሰው ይገናኛል፣ እንግዳ ያጥለቀልቃል። ከቦታ ቦታ የሚሄድ የተፈጠረ በዓል በጨዋታችሁ ውስጥ ሲኖር ስርቆትም፣ እርቅም፣ ደም መመለስም የሚሆንበት ምክንያት አለው።

የስለት ሕግ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ካራክተር ሲጨንቀው ሊሳል ይችላል። ተጫዋቹ በካራክተሩ አፍ ጮክ ብሎ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን እንደሚለምን፣ ምን እንደሚሰጥ፣ እስከ መቼ። ጌም ማስተሩ አንድ ነገር ብቻ ይመዝናል፤ የሚሰጠው ነገር ያጎድለዋል? የማያጎድል ስለት አይሰምርም። ከሰመረ ተጫዋቹ ለዚያ አንድ ሙከራ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ይይዛል። ስለቱ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ጠረጴዛው መሐል ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጣል።

ቀኑ ደርሶ ካልከፈለ ሦስት ዕዳ ይቆጠርበታል። ጌም ማስተሩ በፈለገው ሰዓት፣ በክፉ ሰዓት፣ አንዱን ዕዳ አንሥቶ «ሁለት ጊዜ ጣል፣ ትንሹን ያዝ» ይላል። አንድ ካራክተር በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ስለት አይይዝም።

ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ይመስላል። ታንኳ ሠሪ የሆነች ካራክተር ከጓደኞቿ ጋር ሐይቅ መሐል ማዕበል ያዛቸው። ተጫዋቿ ተነሥታ፣ «እሜቴ ሐመራት፣ እነዚህን ልጆች ዳር ካደረስሽልኝ ይቺን ታንኳ እስከ ቀንሽ ድረስ አሰምጥልሻለሁ» አለች። ታንኳዋ የአባቷ ናት። ያጎድላታል። ዳይሱ ሁለት ጊዜ ተጣለ፣ 4 እና 17 ወጣ፣ ዳር ደረሱ። አሁን ችግሩ ተጀመረ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደሴቱ መመለስ አለባቸው፤ ያለቻቸው ታንኳ ያቺው ናት፤ የሐመራት ቀን ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። እናንተ ምንም ሳትጽፉ ታሪክ መጣ።

ተአምሩን አትበትኑት

በዚያው የ2014 ሕግ ክለሪክ 10ኛ ደረጃ ሲደርስ አምላኩን በቀጥታ መለመን ይችላል። ከ1 እስከ 100 የሚያወጣ መቶኛ ዳይስ ይጥላል፤ የወጣው ቁጥር ከደረጃው ጋር እኩል ወይም በታች ከሆነ አምላኩ ይመጣል። 10ኛ ደረጃ ላይ ዕድሉ ከመቶ 10 ነው ማለት ነው። ከተሳካ 7 ቀን ድረስ ዳግም አይለምንም። ይህ ብርቅነት ጥሩ ነው፤ ጠብቁት።

ሲመጣ ምን ያድርግ? ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ እንዳዳናት ሲተረክ ሰምታችኋል። ለአማኙ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለተራኪ ደግሞ አተራረኩ ትምህርት አለው። የመጣው ነገር ከሩቅ የተላከ እሳት አይደለም፣ ከቦታው የወጣ ነው። ከተማውን ሁሉ አላዳነም፤ አንድ ነገር አዳነ። ያዳነው ነገር ዛሬም ቆሞ ይታያል። የእናንተ አማልክትም በዚህ ልክ ይሥሩ። ከግዛታቸው የወጣ፣ በአንድ ነገር የተወሰነ፣ ምልክቱ የሚቀር። ጠላትን በሙሉ ጠራርጎ የሚሄድ አምላክ ተጫዋቾቹን ሥራ ፈት ያደርጋል።

ከፊል አማልክት

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ጠረጴዛ ላይ ከአማልክት ይልቅ የሚያገለግሉት እነዚህ ናቸው። አምላክ በምልክት ይመልሳል። ከፊል አምላክ በር ከፍቶ ያናግራል። ይርበዋል፣ ይሳሳታል፣ ብድር አለበት፣ ይሞታል።

ሦስት መንገድ አለ። የተወለደ፣ ከአምላክና ከሰው። የወጣ፣ ሰው ሆኖ ሳለ ሰዎች በስሙ መማል ስለጀመሩ ከፍ ያለ። የወረደ፣ አምላክ ሆኖ የሚምልበት ሰው ያለቀበት። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው የወጣው ነው። የተወለደውን ብዙ ሰው ስለሚሠራው ተጫዋቹ አስቀድሞ ያውቀዋል። የወረደው ለካምፔይን መጨረሻ ይሆናል።

ለየአንዱ አራት ገደብ ስጡ፦ የማይወጣበት ቦታ፣ አንድ ኃይል ብቻ፣ አንድ የሚጎድለው ነገር፣ አንድ የሚሞትበት መንገድ።

አሻግሬን እንሥራ። በጎንደር ዙሪያ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጋር የሚያያዙ፣ በኖራ የተያያዙ የድንጋይ ድልድዮች አሉ። ወደ ጣና የሚፈሰው መገጭ ላይም አለ። ከዚያ ሐሳብ ተነሥቼ በጨዋታው ዓለም ውስጥ አንድ ድልድይ አስቀመጥኩ። ግንበኛው አሻግሬ የመጨረሻውን ድንጋይ ሳያስቀምጥ ሞተ። ድልድዩ ግን ቆመ። የሚሻገር ሁሉ «አሻግሬ፣ አሻግረኝ» ማለት ለመደ። እናቶች ልጅ ሲልኩ እዚያ ቆመው ተሳሉ። ከብዙ ትውልድ በኋላ ግንበኛው ድልድዩ ሥር ነቃ፣ ኖራ በእጁ እንደያዘ።

ቦታው፦ የወንዙ ድምፅ ከሚሰማበት አይወጣም። ኃይሉ፦ ያሻገረው ሰው ያን ቀን አይሞትም። ለአንድ ቀን ብቻ፣ የዚያን ዕለት ሕይወቱ ዜሮ ቢገባ 1 ነጥብ ይተርፈዋል። የሚጎድለው፦ ያቺ የመጨረሻዋ ድንጋይ። ብትቀመጥ ድልድዩ ይጠናቀቃል፤ ያኔ አምላክ ይሆን ወይም ያርፍ ራሱም አያውቅም። ስለዚህ ይፈልጋታል፣ ይሸሻታልም። የሚሞትበት፦ ሌላ ቦታ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ሰው በዚህ መሻገር ሲተው።

አሁን አራቱን አማልክት አምጡበት። ነጋድራስ ደረሰ መንገድ ሁሉ ርስቴ ነው ይላል። ሐመራት ወንዙ ወደኔ ነው የሚፈሰው ትላለች። ወናፉ መጥረቢያና መዶሻ የሰጠሁት እኔ ነኝ ይላል። አያስጠልል ዝም ብሏል፤ ግን በበረዶ ቀን ድልድዩ ሥር የሚጠለለውን ሰው ያያል፣ ይቀናልም። አንድ ድሃ ግንበኛ በአራት ኃያላን መሐል ቆሟል። አሮጊቶች «አንተ አሻግሬ» ይሉታል። ነጋዴዎች «አንቱ» ይሉታል። እሱ የሚመርጠው የአሮጊቶቹን ነው።

ለውጊያ ቁጥር ከፈለጋችሁ ቀላል አድርጉት። ለደረጃው የሚመጥን ጠንካራ ተዋጊ ወስዳችሁ፣ ቦታው ላይ ሳለ በየዙሩ 20 የሕይወት ነጥብ መልሱለት። ከቦታው ከወጣ አይመለስለትም። እንግዲህ ተጫዋቾቹ ሊያሸንፉት ከፈለጉ ማታለል፣ ማሳመን ወይም ወንዙን ማስቀየስ አለባቸው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ ያለ ቡድን ጠባቂ ያድርገው። ከ5ኛ በኋላ ይደራደረው። እኩያ ባላንጣ የሚሆነው ከ10ኛ ወዲያ ነው።

ተጫዋቹ ራሱ ከፊል አምላክ መሆን ቢፈልግስ? ይሁን፤ ግን ኃይሉን አታስቀድሙ። መጀመሪያ አማኝ ስጡት። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት እናት በካራክተሩ ስም ስትምል ይስማ። በሚቀጥለው ጊዜ የታመመ ልጅ ይዛ ከደጁ ትምጣ፣ ስለቷን አስቀድማ ከፍላ። በግ ነው፣ ያላት አንድ በግ። ካራክተሩ የመፈወስ ችሎታ የለውም። በጉን ይመልስላት? ሐኪም ይፈልግላት? ይዋሻት? ለልመናው በቆመ ቁጥር አንድ ነጥብ ይያዝለት። 7 ሲሞላ የመጀመሪያዋን ትንሽ ኃይል ስጡት፣ ብዙ ጊዜ ከተለመነው ነገር ጋር የተያያዘች። ከጠፋ፣ ከሸሸ፣ ነጥቡ ይቀነስ። ሰዎች የሚጠብቁበትን እንጂ የሚመኘውን አይሆንም።

የመጀመሪያው ምሽት

ስለ አማልክት ገለጻ አታድርጉ። ሦስት ነገር ብቻ ይታይ፦ አንድ መሐላ፣ አንድ ክልክል፣ አንድ መቅደስ። ቡድኑ ደጋ ላይ በረዶ ያዘው እንበል። ያንኳኩት በር ተከፈተ። ውስጥ ያለው የባለቤቱን ወንድም የገደለው ሰው ነው፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ገብስ ቆሎ ይበላል። ባለቤቱ እያየው ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ተጫዋቾቹ የአያስጠልልን ሕግ ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ ተረዱት።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ካራክተሩ የሚያውቀውን ብቻ የያዘ ግማሽ ገጽ ስጡ። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ስለ ሐመራት የሚያውቀው ከከተማው ተማሪ ይለያል፤ ወረቀቶቹም ይጋጩ። ግጭቱ ላይ ሲከራከሩ አታስቁሟቸው፤ ሻዩን ቅዱ።

ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ማስታወሻችሁን አውጡና አንድ ነገር ፈልጉ፦ ተጫዋቾቹ ሳትጠይቋቸው በማን ማሉ? ለማን ተሳሉ? ለዚያ አምላክ ሁለተኛ ካርድ ጻፉለት፤ ካህናት፣ ጠላት፣ ሁለተኛ በዓል ጨምሩ። ማንም ያልጠራውን ሩቅ አገር አስፍሩት። የአፈጣጠር ታሪክ መጻፍ የምትፈልጉ ከሆነም አሁን ጻፉ፤ ስለ ማን እንደምትጽፉ አውቃችኋል።